ቮልሷ ቀጥ ብላ እንድትቆም፦ አዲስ ሾክና ቡሽንግ በራስ ጓሮ መግጠም

የእኔ ቮልስ እንደ ፈረንጆቹ የ1966 ሞዴል ናት። ከገዛኋት ቀን ጀምሮ ወደ ሹፌሩ በኩል ዘመም ብላ ነበር የምትቆመው። ያያት ሁሉ «ሾኳ ሞቷል» ይለኝ ነበር። አመንኩ። አራት አዲስ ሾክ ገዝቼ አስገጠምኩ። መወዛወዟ ቀረ፤ መዝመሟ ግን አልቀረም።

ቀጥሎ የኋላውን ቡሽንግ፣ የእግሩን ስር የሚይዘውን ላስቲክ፣ ለማስቀየር ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ስረከባት ነገሩ ተገልብጦ ጠበቀኝ። አሁን ደግሞ የግራው የኋላ ጎን ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቅብ ተነስቷል። ፍሬን ስይዝ ትጎትታለች፣ ስትታጠፍ ትደነብራለች። ምክንያቱን ያገኘሁት ጅማ ጓሮዬ ውስጥ ራሴ ስፈታት ነው። የሚሸከማትን ብረት ሲገጥሙ አንድ ጥርስ አሳልፈው ነበር። አንድ ጥርስ ብቻ!

ከዚህ በታች የምጽፈው ያንን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሠራሁት ነው። መፍታቱ አይከብድም። ሥራውን የሚያድነው ከመፍታት በፊት የምትለኩትና ምልክት የምታደርጉበት አንድ ሰዓት ነው። ደጋግሜ ብናገረው እንዳይሰለቻችሁ።

ሾክ መኪና አይሸከምም

መጀመሪያ ይሄ ግልጽ ይሁን። ኋላ ከመጡት 1302 እና 1303 የፊት ክፍል በቀር ቮልስ እንደ ሌላው መኪና የተጠቀለለ ሞላ የላትም፤ ባሌስትራም የላትም። ክብደቷን የሚሸከመው የሚጠመዘዝ ብረት ነው። ቶርሽን ባር ይባላል። ፌርዲናንድ ፖርሽ ይህን አሠራር በ1931 ነው በፓተንት ያስመዘገበው። የታጠበ ነጠላ ስትጨምቁ እንደምታጣምሙት፣ ቸርኬው ሽቅብ ሲገፋ ብረቱ ይጣመማል። ልዩነቱ ብረቱ ወደ ነበረበት መመለስ መፈለጉ ነው። መኪናዋን ወደ ላይ የሚገፋት ያ ፍላጎት ነው።

ከኋላ በየጎኑ አንድ ድፍን ክብ ብረት አለ። ከኋላ ወንበሩ በታች በአግድም በሚያልፈው ቱቦ ውስጥ ተኝቷል። የውስጥ ጫፉ ቱቦው መሀል ላይ ተነክሶ ይያዛል። የውጭ ጫፉ ላይ ስፕሪንግ ፕሌት የሚባል ጠፍጣፋ ረጅም ብረት ይሰካል። ይህ ጠፍጣፋ ብረት ወደ ኋላ ሄዶ የኋላውን እግር ይይዛል። ስሩ ላይ ከውስጥና ከውጭ ላስቲክ አለው። ቡሽንግ የምንለው ይሄ ነው። ላስቲኩ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲጨፈለቅ ክብነቱን ያጣል። ያኔ እግሩ ይላላል፣ ኮብልስቶን ላይ ዷ ዷ ይላል።

ከፊት ደግሞ አንዱ ከአንዱ በላይ የተቀመጡ ሁለት ቱቦዎች አሉ። በውስጣቸው የተደራረቡ ቀጫጭን ብረቶች ይጠመዘዛሉ።

ታዲያ ሾክ ምን ይሠራል? መወዛወዙን ያስቆማል። መከላከያውን በሙሉ ክብደታችሁ ተጭናችሁ ልቀቁት። ተነስታ ወዲያው ከረጋች ሾኩ አለ። ሁለት ሦስቴ ከተንሳፈፈች ወይም ሾኩ ላይ ዘይት ወርዶ ካያችሁ አብቅቶለታል። የዘመመች መኪናን ግን ሾክ አያቃናትም። እኔ የአራት ሾክ ዋጋ ከፍዬ ነው ይህን የተማርኩት።

ካርማን ጊያ ያላችሁም አብራችሁ አንብቡ። ያቺ ቆንጆ ስፖርት መኪና ከ1955 ጀምሮ የተሠራችው በቮልስ ሻንሲ ላይ ነው። ከታች ስትገቡ የምታገኙት ያንኑ ነው።

የትኛዋ ናት ያላችሁ?

የሞዴሉን ዓመት ከሊብሬው ብቻ አትመኑ። ብዙዎቹ ቮልሶቻችን አካላቸው ተቀያይሯል። ከሥር ገብታችሁ እዩ።

ከፊት፦ እስከ 1965 ሞዴል ኪንግ ፒን ነው፤ ቸርኬው የሚታጠፈው በቀጥ ያለ ፒን ላይ ነው። ከ1966 ሞዴል ወዲህ ቦል ጆይንት ነው፤ በኳስ መሰል መገጣጠሚያ ይታጠፋል። የሾካቸው አሰካክ ይለያያል። የኪንግ ፒኑ ሾክ ላይም ታችም ቀለበት አለው። የቦል ጆይንቱ ታች ቀለበት፣ ላይ ግን ቀጥ ያለ ዘንግ አለው። ሱቅ ውስጥ ተምታቶ ይሸጣልና አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ከ1971 ሞዴል ወዲህ የመጡት 1302 እና 1303 የሚባሉት የፊት አሠራራቸው ጨርሶ ሌላ ነው። ሾክና ሞላ በአንድ የያዘ ረጅም ስትረት አላቸውና የፊቱ ክፍል ለእነሱ አይሆንም።

ከኋላ፦ ካምቢዮው አጠገብ በየጎኑ አንድ የተሸበሸበ ላስቲክ ብቻ ካለና ከዚያ እስከ ቸርኬው ድፍን ቱቦ ከሆነ፣ ስዊንግ አክስል ነው። በየጎኑ ሁለት ላስቲክ፣ በጠቅላላው አራት ከሆነ ግን ኋላ የመጣው አሠራር ነው። የእኔ የመጀመሪያው ነው። እርምጃዎቹን የምጽፈው በእሱ ነው፤ የሁለተኛው ብዙም አይርቅም።

ምን እንግዛ?

እንደ እኔ እምነት ለጅማ መንገድ ሾኩ ለስለስ፣ ቡሽንጉ ጠንከር ማለት አለበት። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል። «ስፖርት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ደረቅ ሾክ ይገዛል። ቀላል መኪና ላይ ደረቅ ሾክ ሲገጠም ኮብልስቶኑ ላይ ጎማው መሬት አይነካም፤ ይዘላል። ከፈረንጅ አራዳ ወደ ሰፈር የሚያስገባውን መንገድ የነዳ ያውቀዋል። በጋዝ የሚሠራ፣ ባለ ሁለት ቱቦ ተራ ሾክ በቂ ነው።

ለኋላው ቡሽንግ ሁለት ምርጫ አለ። ላስቲክና ዩሬቴን፣ ማለትም ጠንካራ ፕላስቲክ መሰል ነገር። ላስቲኩ ጸጥተኛ ነው፤ ንዝረት ይውጣል። ጠላቱ ግን የሞተር ዘይት ነው። የቮልስ ሞተር ደግሞ ከኋላ ሆኖ ማንጠባጠቡ አይቀርም። ዩሬቴን ዘይት አይነካውም፣ ክብነቱንም ቶሎ አያጣም። ጉዳቱ ሲደርቅ ይንጣጣል። እኔ ዩሬቴን ነው የመረጥኩት። ትንሽ ንዝረት ጨምሯል፣ የኋላ እግሯ ግን አሁን የት እንዳለ ይታወቃል። ከፊት ያለው ማረጋጊያ ብረት ላስቲኮችም አብረው ቢቀየሩ ጥሩ ነው። ርካሽ ናቸው።

ዕቃው ጅማ ውስጥ ከታጣ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ መጠየቅ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ለአንድ ቡሽንግ ሁለቴ እንዳትመላለሱ ሁሉንም ጽፋችሁ ሂዱ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ቡሽንግ ሻንጣ ውስጥ ምንም አይከብድም። ያገለገለ ሾክ ግን በስጦታም አትቀበሉ።

ቦታ፣ ጊዜና ዕቃ

ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው። ክሪክ በረጠበ ቀይ አፈር ላይ ይሰምጣል፤ ሲሰምጥም ድምፅ አያሰማም። እኔ የሠራሁት በጥር ነው። ሲሚንቶ ወለል ካላችሁ እሰየው። ከሌለ ከክሪኩም ከስታንዱም ሥር ወፍራም ጣውላ አንጥፉ። በእኛ ከተማ እንጨት አይታጣም።

ሥራው ከመጀመሩ ሦስት ቀን በፊት የሚፈቱትን ብሎኖችና ዳዶዎች ሁሉ በሽቦ ብሩሽ ጠርጋችሁ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ርጩባቸው። በየማታው ድገሙት። ይህን ያላደረገ ሰው ብሎን ቆርጦ ነው የሚውለው።

የሚያስፈልገው ይህ ነው። ሁለት ጠንካራ ክሪክ፣ ቢያንስ ሁለት ስታንድ፣ የ17 እና የ19 ቁልፍ ከነቡሸሉ፣ ረጅም የብረት መፈንቀያ፣ መዶሻና የብረት መሮ፣ ወፍራም ሰንሰለት፣ ግራሶ ከነመርጫው፣ ሜትር፣ ዲግሪ መለኪያ፣ እና የጥፍር ቀለም። አዎ፣ የጥፍር ቀለም። ጠመኔ በዘይት እጅ ይጠፋል። የጥፍር ቀለም አይጠፋም። በስልክ የሚሠራ ዲግሪ መለኪያ ይበቃል።

የሚረዳችሁ አንድ ሰው ያስፈልጋል። የኋላውን ሥራ ብቻችሁን አትጀምሩት።

አንደኛ፦ ለኩ

መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። ጓዟን አውርዱ። ነፋሱን አስተካክሉ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ቮልስ ከፊት ቀላል፣ ከኋላ ከባድ ናት። ለራዲያል ጎማ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ፒኤስአይ አካባቢ ነው የሚያስፈልጋት። ጎሚስታ ቤት አራቱንም እኩል 30 ከሞሉላችሁ የፊቷ መድረቅ ከሾክ አይደለም፤ ከነፋሱ ነው።

ከዚያ ከቸርኬው መሀል ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩ። አራቱንም። ወረቀት ላይ ጻፉ። መኪናዋን ገፋ አድርጋችሁ፣ አወዛውዛችሁ ድገሙት። ሁለቱ ልኬቶች ከተቀራረቡ እውነተኛው ልክ እሱ ነው።

የእኔ የኋላ ግራ ስድስት ሴንቲ ከፍ ብሎ ሳለ የፊት ቀኙ ዝቅ ብሎ ነበር። መጀመሪያ የፊቱም ተበላሽቷል ብዬ ደነገጥኩ። አልተበላሸም። የጅማን በርጩማ አስቡት። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለው ባለ ሦስት እግሩ የትም ሜዳ ላይ ሳይነቃነቅ ይቆማል። ባለ አራት እግር ወንበር ግን አንዱ እግሩ ከረዘመ በሰያፍ ይወዛወዛል። መኪናም እንደዚያው ናት። የኋላ ግራ ሲነሳ ጭነቱ ወደ ፊት ቀኝ ይሄዳል። ስለዚህ የፊቱን ከመንካታችሁ በፊት የኋላውን አስተካክሉ።

ሁለተኛ፦ የፊት ሾክ

የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ የኋላ ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ያዙ። የቸርኬ ብሎኖቹን ጎማው መሬት ሳለ ላላ አድርጉ። ክሪኩን ከፊት ቱቦዎች ሥር አስገብታችሁ አንሱ፣ ስታንድ አስገቡ፣ ከዚያ ቸርኬውን አውልቁ። የጎን ክሪክ ማስገቢያዋን አትመኑ። በዝናብ አገር መጀመሪያ የምትበሰብሰው እሷ ናት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የቤንዚን ታንከሩ እዚያው ከፊት ነው፤ ከቱቦዎቹ በላይ። ዳዶ እምቢ አለ ብላችሁ እሳት እንዳታነዱበት። በግራይንደር ብልጭታ ማስነሳትም እንደዚያው ነው። በእጅ መጋዝ ቁረጡት፤ ይዘገያል እንጂ አያቃጥልም።

የላይኛውን ዳዶ ስትፈቱ ዘንጉ አብሮ ይዞራል። ዘንጉን በሌላ ቁልፍ ያዙት። የታችኛው አብዛኛውን ጊዜ በ17 ይፈታል። ዳዶው ወጥቶ ሾኩ ግን ከፒኑ አልላቀቅ ካለ ፒኑን በመዶሻ አትምቱ። ጥርሱ ይበላሻል፤ ፒኑ ደግሞ የእግሩ አካል ነው። የአሮጌውን ሾክ ላስቲክ ቁረጡና የብረት ቀለበቱን በመጋዝ በስሱ ሰንጥቁት። ራሱ ይከፈታል።

የአሮጌው ሾክ ላይ ያለውን የላስቲክ ማቆሚያ ተመልከቱ። ከአዲሱ ጋር ካልመጣ ወደ አዲሱ ይዛወራል። ያለ እሱ እግሩ ጉድጓድ ሲገባ ብረት ከብረት ይጋጫል።

አዲሱን ሾክ ከመግጠም በፊት ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ አራት አምስቴ ግፉት፣ ልቀቁት። መጋዘን ውስጥ ተጋድሞ ስለሚቆይ አየር ይገባበታል። የጋዝ ከሆነ ማሰሪያውን የምትቆርጡት ቦታው ላይ ስታደርሱት ነው። ፒኑን በስሱ ግራሶ ቀቡ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚፈታው ሰው ይመርቃችኋል። የታችኛው ዳዶ ከ30 እስከ 35 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ ነው) ይበቃዋል።

ቸርኬው ሳይመለስ ቱቦዎቹ ላይ ያሉትን አራት የግራሶ ማስገቢያዎች ጥረጉና አዲስ ግራሶ እስኪወጣ ግፉ። ጎማው በአየር ላይ ሳለ ነው መደረግ ያለበት። የማረጋጊያውን ላስቲክም እግረ መንገዳችሁን ቀይሩ። የድሮው ማሰሪያ ቆርቆሮ ዝጎ ካለቀ በብሎን የሚታሰረውን ግዙ።

ሦስተኛ፦ የኋላው

እዚህ ጋ ቀስ እንበል። ቡና ጠጡ፣ ስልካችሁን አስቀምጡ።

ስፕሪንግ ፕሌቱ ቱቦው ላይ ባለ የብረት ከንፈር ላይ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። መኪናዋ ተነስታ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ እንኳን፣ ቶርሽን ባሩ እንደተጠመዘዘ ነው። ከንፈሩን ሲለቅ ወደ ታች የሚወርድበት ኃይል እጅ ይሰብራል። ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው። ከፕሌቱ ሥርና ከጫፉ አቅጣጫ ማንም አይቁም። ሁሌም ከጎን።

የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። ኋላው ሲነሳ ዋጋ የለውም። የፊት ጎማዎችን በድንጋይ ያዙ። ማርሽ ማስገባትም አያድንም። ክሪኩ ከቶርሽን ቱቦው ሥር፣ ስታንዶቹም እዚያው።

በመጀመሪያ ቸርኬውን አውልቁና የእጅ ፍሬን ሽቦውን ከውስጥ አላሉት። ከዚያ ፕሌቱና የአክስሉ ቱቦ የሚገናኙበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። በመሮ ሁለቱንም የሚያቋርጥ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ምቱ። የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማየቱን የሚወስነው ይህ ቦታ ነው። መስመሩ ከሌለ ስትመልሱት በግምት ይሆናል፤ ግምት ደግሞ ጎማ ይበላል።

የ1967 ሞዴል ወይም የ1968 ስዊንግ አክስል ካላችሁ ከኋላ በአግድም የሚያልፍ ተጨማሪ ማመጣጠኛ ብረት አለ። እሱን መጀመሪያ ከሁለቱም ጎን አላቅቁት።

ቀጥሎ የሾኩን የታች ብሎን በ19 ፍቱ። አክስሉን ከፕሌቱ ጋር የሚያስሩትን ሦስት ብሎኖች ፍቱ። አክስሉን በክሪክ ደግፋችሁ ከፕሌቱ እስኪላቀቅ ወደ ኋላ ግፉት። ዓይናችሁ የፍሬን ጎማ ቱቦው ላይ ይሁን። ከተወጠረ ቁሙ።

አሁን የቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ክዳን አራት ብሎን አለው። በሰያፍ ያሉትን ሁለቱን አውጥታችሁ በረዘሙ ብሎኖች ተኩ። ከዚያ ሌሎቹን ሁለት ፍቱ። ረዣዥሞቹን እያፈራረቃችሁ አላሉ። ክዳኑ ቀስ ብሎ ይወጣል እንጂ አይዘልም።

ሁለተኛውን ክሪክ ከፕሌቱ ጫፍ ሥር አድርጉ። ዝም ብላችሁ ብታነሱት ግን መኪናዋ ራሷ ትነሳለች። ሰንሰለቱ ለዚህ ነው። ክሪኩን ከላይኛው የሾክ መያዣ ጋር በሰንሰለት እሰሩት። ያኔ ጉልበቱ በሁለቱ መሀል ብቻ ይሆናል። ፕሌቱ ከከንፈሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲነሳ ረዳታችሁ ከጎን ሆኖ በመፈንቀያ ወደ ውጭ ይግፋው። ከንፈሩን ሲያልፍ ክሪኩን በጣም በዝግታ አውርዱ። ጉልበቱ እስኪያልቅ ድረስ። ፕሌቱ በነፃነት ሲንጠለጠል ትንፋሽ ውሰዱ። አስቸጋሪው አለፈ።

ዲግሪውና ጥርሱ

አሁን ነው እውነቱ የሚለካው። ዲግሪ መለኪያውን መጀመሪያ በሩ ሥር ባለው ደፍ ላይ አድርጋችሁ የሻንሲውን ዝንባሌ ጻፉ። ከዚያ ፕሌቱን በእጅ ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ልልነቱ እንዲያልቅ። የፕሌቱን ጠርዝ ለኩ። ሁለቱ ንባቦች ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበሉ ከሆነ ቀንሱ፣ ወደ ተቃራኒ ከሆነ ደምሩ። ማመጣጠኛ ብረት ለሌለው የ1960ዎቹ ስዊንግ አክስል ፋብሪካው የሰጠው ልክ 17 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ነው (እዚህ ደቂቃ የዲግሪ አንድ ስድሳኛ ነው)። ኋላ ለመጣው አሠራር 20 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ። በሁለቱም ጎን እኩል መሆኑ ከሁሉም ይበልጣል።

የቶርሽን ባሩ ጫፍና የፕሌቱ ስር ላይ በጥፍር ቀለም አንድ መስመር አስምሩ። ልኩ ትክክል ከሆነና ቡሽንግ ብቻ የምትቀይሩ ከሆነ ባሩን አትንኩት። ፕሌቱን ብቻ ከጥርሱ ላይ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ባሩ አብሮ ቢወጣ ያቺ መስመር ብቻዋን አታድናችሁም። የውስጡ ጥርስም ቦታውን ስቷልና ዲግሪውን እንደገና እየለካችሁ ነው የምትመልሱት።

ያኛው ጋራዥ የሳተው እዚህ ነው። የባሩ የውጭ ጫፍ 44 ጥርስ አለው። ሙሉ ዙሩን ለ44 ስታካፍሉት አንዱ ጥርስ 8 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ፕሌቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ስላለው አንድ ጥርስ መሳት ጫፉን ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያደርገዋል፤ መኪናዋም በዚያ በኩል ያንኑ ያህል ትነሳለች። የእኔን መኪና ያጣመማት እሱ ነው።

ታዲያ በትንሽ በትንሹ እንዴት ይስተካከላል? የውስጡ ጫፍ 40 ጥርስ ነው ያለው። አንዱ 9 ዲግሪ ነው። ውስጡን አንድ ጥርስ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ውጭውን አንድ ጥርስ ወደ ተቃራኒው ስታዞሩ የሚቀረው ልዩነት 50 ደቂቃ ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ። ይህን ያሰበው መሐንዲስ እጁ ይባረክ። ሁለቱ ጫፎች እኩል ጥርስ ቢኖራቸው ኖሮ ማስተካከያ ባልነበረ።

ባሩ ከወጣ ሁለት ነገር አስታውሱ። የግራና የቀኝ አለው፤ ጫፉ ላይ ተጽፏል። አስቀድሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለተጠመዘዘ አቀያይራችሁ ብታስገቡት ይሰበራል። ቀለሙንም አትጫሩት። ጭረቱ ይዝጋል፣ ከዝገቱም ባሩ ይሰነጠቃል። ጥርሶቹን ግራሶ ቀብታችሁ መልሱት።

ስለ ከፍታ አንድ ነገር ልበል። ጭቃ ስላለ መኪናዋን በጣም ላንሳት የሚል ሰው ብዙ ነው። ስዊንግ አክስል ላይ ይህን አታድርጉ። እግሩ የሚንቀሳቀሰው ካምቢዮው አጠገብ ባለ አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ነው። ኋላው ከፍ ሲል ጎማዎቹ ከሥር ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። በፍጥነት ስታጠፉ የውጭው ጎማ ከሥሯ ገብቶ መኪናዋን ሊገለብጣት ይችላል። ፋብሪካው ያንን ማመጣጠኛ ብረት የጨመረበት ምክንያት ይኸው ነው። እኔ ከፋብሪካው ልክ አንድ እርምጃ፣ 50 ደቂቃ ብቻ ነው ያለፍኩት። ለጅማ ክረምት በቅቶኛል።

መልሶ መግጠም

የቡሽንጉን መቀመጫ እስኪያበራ አጽዱ። ላስቲክ ከመረጣችሁ የሕፃን ፓውደር ነስንሱበት። ግራሶ አትቀቡት፤ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። «ኦበን» የሚል የጀርመንኛ ጽሑፍ ካለበት ያ ወገን ወደ ላይ ነው። ዩሬቴን ከሆነ ደግሞ አብሮት የመጣውን ግራሶ ሳትቆጥቡ ቀቡት። እዚህ የቆጠበ ሰው ወደ ጅሬን ሽቅብ ሲወጣ ጩኸቱን ይሰማል።

የውስጡን ቡሽንግ አስገቡ፣ የጥፍር ቀለሙን መስመር አገናኝታችሁ ፕሌቱን ስኩ፣ የውጭውን አድርጉ፣ ክዳኑን በረዣዥሞቹ ብሎኖች ያዙት። ፕሌቱን በክሪክና በሰንሰለት ከከንፈሩ በላይ አንሱት፣ በመዶሻ ወደ ውስጥ ግፉት፣ ክሪኩን አውርዱ። ከንፈሩ ላይ ሙሉ በሙሉ መቀመጡን በዓይን እዩ። ከዚያ ረዣዥሞቹን እያፈራረቃችሁ ክዳኑን ሳቡ፣ ዋናዎቹን ብሎኖች መልሱ።

አክስሉን ወደ ፊት መልሳችሁ የመሮውን መስመር አገናኙ። ሦስቱ ብሎኖች 110 ኒውተን ሜትር ገደማ ይፈልጋሉ። አዲሱ የኋላ ሾክ በሁለት ብሎን ነው የሚያዘው፤ 60 ኒውተን ሜትር። የቸርኬ ብሎን ለባለ አምስቱ 100።

ቶርክ ሬንች፣ የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካው ቁልፍ፣ የለንም? ጅማ ውስጥ ተንጠልጣይ ሚዛን የሌለው የቡና ነጋዴ አላየሁም። አንዱን ተዋሱ። ግማሽ ሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ አንጠልጥሉትና ቁልፉን ቀጥ ባለ አንግል ሳቡ። ሚዛኑ 22 ኪሎ ሲል 110 ኒውተን ሜትር ሆነ። 12 ኪሎ ሲል 60። እኔ ሁሉንም የጠበቅኩት እንዲህ ነው።

ሁለተኛውን ጎን በማግስቱ ሥሩት። የደከመ ሰው ጥርስ ይስታል። አንዱ ጎን ሳይፈታ መቅረቱም ጥቅም አለው፤ ግራ ሲገባችሁ ሄዳችሁ ታዩታላችሁ።

ወደ መሬት

መኪናዋን አውርዱ። የእጅ ፍሬኑን መልሳችሁ አጥብቁ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ አሥር ሜትር ያህል ግፏት። ስዊንግ አክስል ወዲያው እንደወረደ እግሮቹ ተጣጥፈው ከፍ ብሎ ይታያል፤ አትደንግጡ። ሲንከባለል ይረጋል። አወዛውዛችሁ አራቱን ልኬቶች እንደገና ውሰዱ። ከቀድሞው ወረቀት ጎን ጻፉ።

ከዚያ የፊት ጎማዎች አቅጣጫ። መሪውን ቀጥ አድርጉ። በሁለቱ ጎማዎች መሀል ያለውን ርቀት ከፊታቸውና ከኋላቸው በቸርኬው መሀል ከፍታ ለኩ። የፊቱ ከኋላው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት። ከሆነ ግሩም። ካልሆነ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ቲራንቲ ይስተካከላል። አላይመንት ማሽን ካገኛችሁ የኋላውንም አስለኩ።

የመጀመሪያው ጉዞ በዝግታ ይሁን። በአዌቱ ወንዝ ዳር ባለው መንገድ ዙሩ፣ ፍሬን ያዙ፣ መሪውን ለቀቅ አድርጋችሁ መጎተት አለመጎተቷን እዩ። ኮብልስቶን ላይ መስኮቱን ከፍታችሁ አዳምጡ። ዷ ካለ የላላ ነገር አለ። ሲጥ ሲጥ ካለ ዩሬቴኑ ግራሶ አንሶታል።

ደህና ከሆነች አጋሮ ደርሳችሁ ተመለሱ። ደርሶ መልስ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ ቡሽንግ የሚቀመጠው በዚህን ያህል ጉዞ ነው። ስትመለሱ መኪናዋ ትቀዝቅዝ። ሚዛኑን ለባለቤቱ ሳትመልሱ በፊት ከሥር ገብታችሁ ሁሉንም ብሎኖች አንድ በአንድ ደግማችሁ ሳቡ። የእኔ የቀኙ ጎን ሁለት ብሎን ሩብ ዙር ተቀብሏል። አራቱን ከፍታዎች ለመጨረሻ ጊዜ ለኩና ወረቀቱን ከሊብሬው ጋር አስቀምጡት።